ከአብዱል ረሱል ገበያ እስከ ጥቁሩ ፒት

ከደብረ ሲና ቁልቁል ተወርዶ የምትደረሰው ሸዋ ሮቢት ዛሬ የምትታወቀው በሙቀቷ፣ በሽንኩርቷና የደሴ መንገደኛ ስለሚያርፍባት ነው። ከእርሷ በስተደቡብ፣ ከአንኮበር ሥር፣ አልዩ አምባ አለች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) የሸዋ ዋናው የሲራራ ገበያ እዚያ ይቆም ነበር፤ አቅራቢያው በነበረው አብዱል ረሱል ደግሞ ሰው ይሸጥ ነበር። ከጉራጌ፣ ከከፋና ከኦሮሞ ምድር የተነዱ ልጆች በአፋር በረሃ አልፈው ወደ ታጁራ ይወርዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ሸዋ የገባው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ ገበያውን በጽሑፉ መዝግቦታል።

ከተሸጡት ብዙዎቹ በመልክ ከገዢዎቻቸው አይለዩም ነበር፤ በሰው አእምሮ የተሣለው ባሪያ ግን ሁልጊዜ ጥቁር ነው። በብራና ክታቦቻችን ከሌጌዎን ጋር እየተጠራ የሚገሠጸው ጋኔን ስሙ «ባርያ» ነው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳኑ ቀያዮች፣ አጋንንቱ ጠቋቁር ሆነው ይታያሉ። ደገኛው ራሱን «ቀይ»፣ «ጠይም» እያለ ሲከፋፍል ጉሙዙንና ሌላውን የቆላ ሰው «ሻንቅላ» ብሎ ከጎኑ አራቀው።

እኛም በተራችን ተሥለናል። ፋሺስት ኢጣልያ በወረረችን ጊዜ ሠዓሊው ኤንሪኮ ዴ ሴታ ለወታደሮች የሠራቸው ፖስታ ካርዶች ኢትዮጵያውያንን መሣቂያ አድርገዋል። በዚያ የተቆጣን ሰዎች በቤታችን ያለውን ሥዕል ሳናይ መቅረታችን ያሳዝነኛል።

ሕጉ ቀድሟል። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት ባሪያዎችን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። ስድቡን ግን አዋጅ አልነካውም። ተማሪው ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ኢትዮጵያዊ ለመባል የሚጠለቀውን ጭንብል ነቀፈ፤ ክርክሩ ግን ይበልጡን ስለ ቋንቋ፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ልብስ ስለነበር የቀለም ንቀት ሳይነሳ አለፈ።

በሆላንድ ግን እንዲህ ያለው የቀለም ንቀት አደባባይ ወጣ። መምህሩ ያን ስኬንክማን እ.ኤ.አ. በ1850 ባሳተመው የልጆች መጽሐፍ ቅዱስ ኒኮላስን ጥቁር አገልጋይ አስከተለው፤ ሱሪናም ላይ ባርነት የተሻረው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ነጮች «ጥቁሩ ፒት» የተባለውን ይህን አገልጋይ ለመምሰል ፊታቸውን አጥቁረው፣ ከንፈራቸውን አቅልተው በቅዱሱ በዓል ልጆችን ያስቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ተቃዋሚዎቹ ኩዊንሲ ጋሪዮና ጄሪ አፍሪዬ ይህ ዘረኝነት ነው የሚል ካናቴራ ለብሰው ዶርድሬክት ከተማ ላይ በመቆማቸው ተያዙ፤ ብዙ ሰው የልጅነት ደስታችንን ነካችሁ ብሎ ተቆጣቸው። እነርሱና አጋሮቻቸው ግን ሥዕሉን ከባሪያ ንግዱ ጋር እያያዙ መናገራቸውን አላቆሙም። በ2019 በቅዱስ ኒኮላስ ብሔራዊ አቀባበል ላይ ፊታቸውን ጥላሸት ብቻ የነካቸው ፒቶች ወጡ። ጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩተ በ2020 አመለካከታቸው መለወጡን ተናገሩ፤ በ2022 መጨረሻ ስለ ባርነቱ በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ፤ ንጉሡም በ2023 ተከተሉ።

ሸዋ ሮቢትና አልዩ አምባ ባሉበት በይፋት ያ ማያያዝ ገና ይጎድለናል። የጥንቱ ንግድ ሲነሳ አሞሌ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይቀድማሉ። የሸዋ ሮቢት ተማሪ ጠቆር ያለ የክፍል ጓደኛውን «ባሪያ» ብሎ ሲሳደብ፣ በዚያ ስም የተጠሩ እኩዮቹ ከከተማው ብዙ በማይርቅ ገበያ ለሽያጭ እንደቆሙ የሚነግረው መምህር ያስፈልገዋል።