ጨርቁና ግድግዳው

አያቴ እብናት ዙሪያ ባሉ አጥቢያዎች የመቅደስ ሥዕል የሚሥሉ ሰው ነበሩ። ሲታወሱኝ ቁጢጥ ብለው የሚታዩኝ ከማሰሮው አጠገብ ነው። የከብት ቆዳ ቁርጥራጭ ቀኑን ሙሉ ይፈላል፤ ሽታው ራስ ያዞራል፤ ማታ ላይ ቀጥኖ እንደ ማር ሲወርድ ሙጫው ደረሰ ማለት ነው። ግድግዳው ጭቃና የጤፍ ጭድ ተቦክቶ የተለሰነ ነው፤ አቡጀዲው እዚያ ላይ ይለጠፋል። የእኔ ሥራ ጫፉን ወጥሮ መያዝ ነበር። «አንተ ልጅ፣ አየር እንዳይገባበት!» ይሉኝና በመዳፋቸው ከመሀል ወደ ዳር ይዳብሱታል። ከዚያ ነጩ ቅብ፣ ከዚያ በጥቁር የሚነደፈው መስመር፣ በመጨረሻ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው። ለክፉዎቹ አንድ ዓይን ብቻ ይሥሉላቸው ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው «ክፉ ሰው ጎኑን እንጂ ፊቱን አይሰጥም» አሉኝ።

አዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ገብቼ ጨርቅ፣ ሙጫና ደማቅ ቀለም የተጋጠሙበት ሥራ «ሚክስድ ሚዲያ» ተብሎ ሳይ ያ ማሰሮ ትዝ ይለኛል። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎስያን በ1964 እ.ኤ.አ. በአንድ የዘይት ቀለም ሥራው ላይ ቁርጥራጭ ለጥፏል፤ ኋላም በዛፍ ልጥና በፍየል ቆዳ ሠርቷል። ቆዳ ላይ መድረሱን ሳውቅ የሀገር ሰው ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

የጎንደር ሠዓሊዎች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቀለሙን ደማቅና ልሙጥ አድርገው ይቀቡ ነበር፤ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ፊቱና ልብሱ ጥላ እየያዘ መጣ። ስለዚህ ብዙ ሰው ጽፏል። እኔን የሚያሳስበኝ ጨርቁ ነው፤ የተለጠፈ ነገር ይላጣልና።

በ1924 ዓ.ም. ክረምት ፈረንሳዊው ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ተልእኮ ጎንደር ነበር። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ከተተከለው ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን 60 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሆን ሥዕል ከነጨርቁ ተላጠ። በቦታው አብሯቸው የነበረው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራው ቅጂ ተተካ። ልውውጥ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ ስም ልጠራው አልችልም። ሥዕሉ የተሣለው ለሚሰግዱበት ነው። ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛል። ሙዚየሙ ራሱ በ2025 እ.ኤ.አ. ባሳየው ኤግዚቢሽን ያ ተልእኮ ቅርሶቹን እንዴት እንዳገኛቸው ከአፍሪካውያን ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ መርምሯል። ዘጠና ዓመት አልፎ ቢሆንም መጠየቁ ይገባል።

ዓምና አያቴ ከሠሩባቸው አጥቢያዎች ወደ አንዱ ሄድሁ። ዝናብ በቆርቆሮው ገብቶ፣ ከጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ሥር ጨርቁ ተነሥቷል፤ ከኋላው ጭዱ ይታያል። ቄሱ ሚስማርና መዶሻ ይዘው መጡ። «አባ፣ እስከ ነገ ይታገሡኝ» አልኋቸው። ቆዳ ለምኜ አገኘሁ። በማግሥቱ ሙጫውን ቀባሁና ጫፉን ለአንድ የቆሎ ተማሪ አስያዝሁት፤ እኔ ከመሀል ወደ ዳር ዳበስሁት።