ከታናሹ ጀምሮ፤ ስለ ቴሌቪዥን ዳኝነትና ስለ ቀድሞው ችሎት

የሀገራችን የብሮድካስት ታሪክ የሚጀምረው ዛሬ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ከምንለው ሥፍራ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. መባቻ፣ ወረራው ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የኢትዮጵያን ጉዳይ ለዓለም ያሰሙት አቃቂ ላይ ከተተከለው የሬዲዮ ጣቢያ ነበር። ጣቢያውን የሠራው፣ ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው ይህ ነው፣ የጣሊያን ኩባንያ ነበር። ዓለም ሰማ፤ ፍርዱ ግን የነበረው ጄኔቭ ላይ በተሰበሰቡት መንግሥታት እጅ ነው። ሰሚው እጅግ ብዙ፣ ፈራጁ እጅግ ጥቂት የሆነበት ይህ አሠራር ከብሮድካስት ጋር አብሮ ኖሯል። ዛሬ የማነሣው ይህንኑ አሠራር ነው፤ ነገር ግን በቀላል ገጹ፣ ማለትም በየሳሎናችን በሚታየው የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር ላይ።

«ይህ ደግሞ ከፖለቲካ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው፦ በሀገራችን ተራው ዜጋ ዳኛ ሲፈርድ በዓይኑ የሚያይበት መድረክ ጥቂት ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው። አርባ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ ማብቂያ፣ ኢትዮጵያን አይዶል መጣ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህሩ ፈለቀ ኃይሉ ከዳኞቹ አንዱ ነበሩ፤ ፊት ለፊት የሚሰጡት ያልተለሳለሰ ፍርድ ከተወዳዳሪዎቹ ዘፈን ይልቅ የከተማው መነጋገሪያ እስከ መሆን ደረሰ። ይሉኝታ ለሠለጠነበት ተመልካች ነገሩ ለአንዱ ብልግና፣ ለሌላው እውነት ነበር። በዚያው ዘመን የሆነ ሌላ ነገር ግን ብዙዎቻችን ዘንግተነዋል። ከ1997ቱ ምርጫ ማግስት እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ገደማ የሞባይል አጭር መልእክት በመላ ሀገሪቱ ተዘግቶ ነበር። ተመልካቹ በስልኩ ድምፅ ይስጥ ቢባል እንኳ መንገዱ አልነበረም። ድምፅ መስጠት ምን ያህል አስፈሪ ነገር እንደ ነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

መልእክቱ ከተከፈተ በኋላ የመጡት ውድድሮች ሌላ ፈተና ይዘው መጡ። ዳዊት ጽጌን አሸናፊ ያደረገው የአብርሃም ወልዴ ባላገሩ አይዶል፣ ኋላም ፋና ላምሮት፣ ሕዝብን በሰፊው የሳቡ ናቸው። የዳኛ ነጥብና የተመልካች መልእክት ሲደመሩ ግን ክርክሩ ይጦፋል። ዳኛው ወዳጁን አነሣ የሚል አለ፤ ሕዝቡ የመረጠው ድምፁን ሳይሆን የሀገሩን ልጅ ነው የሚልም አለ። ሁለቱም ወገኖች የሚጠይቁት «ማን ይፍረድ?» ብለው ነው። የቀደሙት አባቶቻችን ከዚህ ይልቅ «እንዴት ይፈረድ?» በሚለው ላይ የተራቀቁ ይመስለኛል።

በላ ልበልሃን እናስታውስ። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው፣ መንገደኛውን «ዳኝነት ተቀመጥልን» ብለው፣ በሕዝብ ፊት ቆመው ይሟገቱ ነበር። አንደበት፣ አቋቋም፣ ዘንግ አያያዝ ሁሉ ይታያል፤ ትዕይንትነቱ ከዛሬው መድረክ አያንስም። የተረታው ከዳኛ ወደ ዳኛ ይግባኝ እያለ እስከ ዙፋን ችሎት ሊደርስ ይችላል። ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ግን የአስተያየት አሰጣጡ ሥርዓት ነው። ተሟጋቾቹ ከተሰሙ በኋላ በችሎቱ የተገኙት ሹማምንት አንድ በአንድ እየተነሡ ሐሳባቸውን ይሰጣሉ፤ የሚጀምረውም በማዕረግ ታናሽ የሆነው ነው። ታላቁ መጨረሻ፣ ንጉሡ ከሁሉ በኋላ ይናገራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ራስ እገሌ አስቀድሞ ከተናገረ፣ ከበታቹ ያለው ባላምባራስ ሌላ የሚለው ነገር አይኖረውም።

ያንን ዘመን ለማሞካሸት አይደለም። ፍትሐ ነገሥቱ ዳኛ መማለጃ እንዳይቀበል፣ ባለጠጋና ድኻን እኩል እንዲያይ ቢያዝም፣ መማለጃው ሞልቶ ነበር። ይግባኝ የሚባለው ስንቅ ላለው ነው። በተለይ ውርርዱ ክፉ ጠንቅ ነበረው፤ ተሟጋቾች «ማር እሰጥ፣ በቅሎ እሰጥ» እያሉ ይወራረዳሉ፣ ከተረታው ውርርድ ዳኛው ይጠቀማል። ክርክሩ በጦፈ ቁጥር ዳኛው ያተርፋል ማለት ነው። እሰጥ አገባ የሚለው አነጋገራችን ከዚያ የቀረ ነው። በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ሲደራጁ ይህ ሁሉ እየከሰመ ሄደ። በየመልእክቱ ገንዘብ የሚከፈልበት የዛሬው ድምፅ አሰጣጥ ግን፣ ስሙ ተለወጠ እንጂ፣ ያው ውርርድ ነው፤ ጠቡ በተካረረ ቁጥር መልእክቱ ይበዛል፣ አንድ ሰው ባለው ሒሳብ መጠን ደጋግሞ «ሕዝብ» ይሆናል።

ሌላው ዓለምም ከዚህ አላመለጠም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሚታየው፣ ወንዶች በሴት አልባሳትና አኳኋን በሚወዳደሩበት የሩፖል ትርኢት፣ ዳኞቹ በሰፊው ይተቻሉ፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የአንድ ሰው፣ የአቅራቢው የሩፖል ነው። ተመልካቹ በየዓመቱ አድልዎ አለ እያለ ቢጮኽም ቢያንስ የሚጮኸው በማን ላይ እንደሆነ ያውቃል። የበረዶ ላይ ሸርተቴ ስፖርት የመረጠው ግን ተቃራኒውን ነው። በ2002ቱ የሶልት ሌክ ኦሊምፒክ በጥንዶች ውድድር የዳኝነት ቅሌት ተነሥቶ ለካናዳውያኑ ሁለተኛ ወርቅ ከተሰጠ በኋላ፣ ዳኞችን ከግፊት ለመጠበቅ በሚል የየትኛው ዳኛ ነጥብ የትኛው እንደሆነ እንዳይታወቅ ተደረገ። መሸፋፈኑ አድልዎን ማወቅ ይበልጥ አስቸጋሪ አደረገው እንጂ አላጠፋውም፤ በ2016 ተሻረ።

አሁን ከአቃቂ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ለማጣሪያ የመጣውን ወጣት እናስብ። የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ይሆናል፤ ያለው ሀብት ድምፁ ብቻ ነው። ሁለት ደቂቃ ይዘፍናል፣ አንጋፋው ዳኛ ይናገራል፣ የቀሩት «በተባለው እስማማለሁ» ይላሉ። ለምን እንደ ወደቀ በቅጡ አልተነገረውም፤ ይግባኝ የሚልበትም የለም። በምኒልክ ችሎት የቆመ ባላገር እንኳ፣ ከአፈ ንጉሡ በፊት ታናሹ ሹም በራሱ ሐሳብ ሲናገር የመስማት ዕድል ነበረው።

ይህን ለመመለስ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ዳኛ የሌላውን ሳይሰማ ነጥቡን ይጻፍ፤ ወረቀቱ ለተመልካች ይታይ፤ ሲናገሩም ከታናሹ ይጀመር። ወጪው ሦስት ወረቀትና ሦስት እስክሪብቶ ነው።