ሮም ያልገባው ንጉሠ ነገሥት

በ1508 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሀብስበርጉ ማክሲሚሊያን ቀዳማዊ ሮም ሄዶ በጳጳሱ እጅ ዘውድ ሊጭን ተነሣ። የቬኒስ ሪፐብሊክ መንገዱን ዘጋችበት። ትሬንቶ ላይ ቆሞ በከተማዋ ካቴድራል “የተመረጠ የሮማ ንጉሠ ነገሥት” ተባለ፤ ጳጳሱም ስምምነታቸውን ሰጡ። ማዕረጉ ተገኘ፣ ሥርዓቱ ግን ቀረ።

ለዚያ ዘመን ገዥ ይህ ትንሽ ጉድለት አልነበረም። ንጉሥ ወደ ከተማ ሲገባ ከእንጨትና ከሸራ የድል በር ይቆምለታል፣ መለከት ይነፋል፣ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ያየዋል፤ መታየቱ ራሱ ለሥልጣኑ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ትርዒት ብዙ ገንዘብ ይበላል፣ ከበዓሉ በኋላ ይፈርሳል፣ ያየውም በቦታው የተገኘው ብቻ ነው። ማክሲሚሊያን ደግሞ ከዕዳ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ስለዚህ በሩንም ሰልፉንም በወረቀት ላይ አሠራ።

“የክብር በር” የሚባለው ኅትመት 1515 የሚል ዓመት ተቀርጾበታል፤ ታትሞ የወጣው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከ190 በላይ የእንጨት ሰሌዳዎች ተቀርጸው በ36 ትልልቅ ወረቀቶች ላይ ታተሙ። ወረቀቶቹ ሲገጣጠሙ ቁመቱ ሦስት ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ ሦስት ሜትር የሚጠጋ አንድ ሥዕል ይሆናሉ። የሐሳቡ ባለቤት የቤተ መንግሥቱ ምሁር ዮሐንስ ስታቢዩስ ነበር፤ ከሠዓሊዎቹም አልብሬኽት ዱረርና አልብሬኽት አልትዶርፈር ይገኙበታል። ሦስት መግቢያዎች አሉት፤ የመካከለኛው የክብርና የኃይል በር ነው። ከእርሱ በላይ የንጉሠ ነገሥቱ የዘር ሐረግ እስከ ትሮይ ድረስ ይዘልቃል፤ በግራና በቀኝ ጦርነቶቹና የጋብቻ ውሎቹ ተደርድረዋል። በመጀመሪያው ዙር 700 ያህል ቅጂ ታተመ። ዓላማው በመሳፍንት አዳራሾችና በከተማ ምክር ቤቶች ግድግዳ ላይ እንዲታይ ነበር።

አስቂኝ ነገርም አለው። በበሩ የሚያልፍ የለም፤ ላዩ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ለማየት መሰላል ያሻል፤ ታች ያለው የስታቢዩስ ረጅም ማብራሪያ ደግሞ ተመልካቹን ጎንበስ ያሰኘዋል። ምናልባት የተፈለገውም ይኸው ነው፤ ሁሉንም ማንበብ የማይችል ሰው ብዛቱን አይቶ ያምናል።

ይህን ሁሉ በእንጨት ላይ ያወጣው የኑረምበርጉ ቀራጭ ሂየሮኒሙስ አንድሬ ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ ነው። ሠዓሊ መስመሩን ይስላል፤ ቀራጭ ግን መስመር ያልሆነውን ሁሉ በቢላ አንሥቶ ይጥላል። አንድ መስመር ከተሰበረ የአንድ ልዑል አፍንጫ ይሄዳል። ይኸው ሰው በ1525 ገበሬዎች በጌቶቻቸው ላይ ሲነሡ ከእነርሱ ጎን በመቆሙ ታሰረ።

ዱረርም ቢሆን የክብሩ ነጋሪ እንጂ ተካፋይ አልነበረም። በ1515 ንጉሠ ነገሥቱ በየዓመቱ 100 ጉልደን እንዲከፈለው አዘዘ፤ የሚከፈለው ግን ከራሱ ካዝና ሳይሆን ኑረምበርግ ለዘውዱ ከምታስገባው ግብር ተቀንሶ ነበር። ማክሲሚሊያን በጥር 1519 ሲሞት የከተማዋ ምክር ቤት ክፍያውን አቆመ። ዱረር በ1520 ወደ ኔዘርላንድስ የተጓዘው ከሌላው ጉዳዩ ጋር ይህንኑ ጡረታ በካርል አምስተኛ ለማስጸናት ነው፤ ተሳካለትም። ለንጉሠ ነገሥቱ የነደፈውን ታላቁን የድል ሠረገላ ደግሞ በ1522 በራሱ ወጪ አሳትሞ ሸጠው። የባለሠረገላው ክብር በገበያ ላይ ዋለ።

“የድል ሰልፍ” የተባለው ሁለተኛው ሥራ ከበሩ የበለጠ ሕይወት አለው። ማክሲሚሊያን በ1512 ዝርዝሩን ለጸሐፊው አስጻፈ፤ ማን በምን ላይ ተቀምጦ፣ ምን ይዞ እንደሚያልፍ። የታተሙት ከ130 በላይ ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ሲቀጠሉ ከ50 ሜትር ይበልጣሉ። አዳኞች፣ ሙዚቀኞች በሠረገላ፣ ቀልደኞች፣ ባንዲራ የያዙ ፈረሰኞች ተከታትለው ይሄዳሉ። ሃንስ ቡርክማይር “የካሊኩት ሰዎች” ብሎ የሳላቸው ከዝሆን ጋር ይታያሉ፤ ማክሲሚሊያን ሕንድ ውስጥ አንድ ስንዝር መሬት አልነበረውም። ወረቀት ግን አይከለክልም፣ ቬኒስም በወረቀት ላይ መንገድ አትዘጋም።

ሰልፉ ባለቤቱ ሲሞት ገና አላለቀም ነበር፤ በ1526 ያሳተመው የልጅ ልጁ ፈርዲናንድ ነው። የመጨረሻዎቹን ሰሌዳዎች የነደፈው አልትዶርፈር ነው ተብሎ ይታመናል። እዚያ ቅደም ተከተሉ ይፈርሳል። ጓዝ ተሸካሚዎች፣ ዕቃ ያዘሉ ሴቶች፣ ጋሪዎችና የጭነት ከብቶች በዛፎች መካከል ተደበላልቀው ይጓዛሉ። ከፊታቸው ያለፈውን ሠረገላ የሚያይ ከመካከላቸው አንድም የለም።