በሉማሜና በአካባቢው ስለ ንብ መንጋ መቀነስ

ሉማሜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ በጓሮው ቀፎ ያለው ገበሬም ጥቂት አይደለም። ማሩ ለጠጅ፣ ሰሙ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሲውል ኖሯል። በቀድሞው ዘመንም ማር ለባለ ጉልትና ለቤተ መንግሥት ከሚገባው ግብር አንዱ ነበር። ስለዚህ የንብ ታሪክ የገበሬው ታሪክ አንድ ክፍል ነው ብንል አላበዛንም።

ዛሬ ከንብ አርቢዎች ዘንድ የሚሰማው ስሞታ ቀፎው ባዶ ሆነ የሚል ነው። ብዙ ሰዎች ጥፋቱን በተባይ መድኃኒት ላይ ብቻ ይጥላሉ። እኛ ግን ባዶ ቀፎ ሁለት ዓይነት ምስክርነት ሊሰጥ ይችላል እንላለን። አንደኛው ኩብለላ ነው። ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2011 «ሲሜንሲስ» ብለው የሰየሙት የአገራችን ንብ አበባ ሲጠፋ ወይም ጉንዳን ሲያስጨንቀው ቀፎውን ጥሎ መሄድ ልማዱ ነው። ሁለተኛው ሞት ነው፤ ይህም በቀፎው ደጃፍ በሚረግፈው ንብ ይታወቃል።

በቀድሞው ጊዜ ኩብለላ ብቻውን ጥፋት አልነበረም። ገበሬው ቀፎውን በእበት ለስኖና አጥኖ ዛፍ ላይ ሲሰቅል፣ ከጫካ የወጣ መንጋ ይገባበት ነበር። ዋንዛው፣ ብሳናውና ወይራው ሲመነጠር፣ ግጦሹም ሲታረስ፣ የሄደውን የሚተካ መንጋ አነሰ። ይህ የመጀመሪያው ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የአረም መድኃኒት ነው። «ቱ ፎር ዲ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በዓለም ገበያ የወጣ ሲሆን፣ ቅጠለ ሰፊውን አረም ያጠፋል። ከክረምት በኋላ ንብ የሚቀስመው መጭ ለጤፍ ገበሬ አረም ነው፤ ለንብ ግን ቀለብ ነው። መድኃኒቱ ንቡን ባይገድለው እንኳ ያስርበዋል። ሦስተኛው፣ ያበበ ጓያ ላይ በቀን የሚረጨው የተባይ መርዝ ነው፤ ይህ በቀጥታ ይገድላል። እንግዲህ መርዙ የደረሰው አስቀድሞ በተዳከመ መንጋ ላይ ነው።

በውጭው ዓለምም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 እና 2007 እጅግ ብዙ መንጋ በጠፋ ጊዜ አንድ ብቸኛ ምክንያት አልተገኘም፤ የቫሮዋ ተባይ፣ በሽታ፣ መርዝና የቀለብ ማነስ በአንድነት ተጠቅሰዋል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ሦስት የተባይ መርዞች በሜዳ ላይ ጥቅም ላይ እንዳይውሉ ከልክሏል።

ዘመናዊ ቀፎ ማደል መልካም ነው፤ አበባ በሌለበት ግን ሣጥን ብቻ ነው። መርዝ የሚረጨውንም ገበሬ መውቀስ አይገባም፤ አረም በእጅ መንቀል ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ የታወቀ ነውና። ደግሞም ብዙ ጊዜ የሚረጨውና ንብ የሚያረባው አንድ ሰው ነው። የሚቻለው ግን ቀላል ነው፦ ያበበ ሰብል አለመርጨት፤ ግድ ቢሆን ንብ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ አመሻሽ ላይ መርጨት፤ ለጎረቤት አስቀድሞ መንገር፤ በማሳ ዳር መጭን መተው። በየደብሩ የቀረው የቤተ ክርስቲያን ደንም ለመንጋው የመጨረሻ መጠጊያ ስለሆነ ሊጠበቅ ይገባል።