የኤዞፕ እንስሳት በቬርሳይ

የጥንት ጠቢባን ኃያሉን ሰው ፊት ለፊት መገሠጽ ባሠጋቸው ጊዜ ምክራቸውን በእንስሳት አፍ ያኖሩት ነበር። የኤዞፕም ተረት እንዲህ ያለ ነው፤ ሰሙ የአራዊትና የአዕዋፍ ጨዋታ ሲሆን ወርቁ የሰው ጠባይ ነው።

የፈረንሳይ ንጉሥ 14ኛው ሉዊ በቬርሳይ ቤተ መንግሥቱ አትክልት ውስጥ፥ መንገዱ እየተጠማዘዘ የገባውን ሰው የሚያወናብድ አንድ ሥፍራ ነበረው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1669 ዓመት ጸሐፊው ሻርል ፔሮ፥ ይህ ሥፍራ በኤዞፕ ተረቶች ቢያጌጥ መልካም እንደሚሆን ንጉሡን አማከረ። ስለዚህ ከ1672 እስከ 1677 ድረስ 39 ፏፏቴዎች ተሠሩ። እንስሳቱ ከእርሳስ ማዕድን ተሠርተው እንደየመልካቸው ቀለም የተቀቡ ነበሩ፤ ውኃው ከአፋቸው ሲወረወርም እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ ይመስሉ ነበር። በየፏፏቴው አጠገብ ባለቅኔው ኢሳቅ ደ ባንሰራድ የገጠማቸው ባለ አራት ስንኝ ግጥሞች ተጽፈው ይነበቡ ነበር።

ከተረቶቹ አንዱ የቀበሮና የሽመላ ነው። ቀበሮ ሽመላን ለግብዣ ጠርቶ ምግቡን በዝርግ ሳሕን አቀረበላት፤ እርስዋም በረዥሙ መንቈሯ ልትበላ አልቻለችም። በተራዋ ጠርታ በአንገተ ረዥም ብርሌ አቀረበችለት፤ እርሱም ጦሙን ተመለሰ። ለዚህ ተረት አንዱ ለግፉ፥ አንዱ ለብድራቱ፥ ሁለት ፏፏቴዎች ተሠርተውለት ነበር።

በዚያው በ1677 የንጉሡ ማተሚያ ቤት የፔሮን መግለጫ ከነሥዕሉ በመጽሐፍ አወጣ። ሥዕሎቹን የቀረጸ ሴባስቲያን ለክለር ነው። የዚህ ጥበብ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ሥዕሉ በመዳብ ሰሌዳ ላይ በቀጭን መስመር ይቀረጻል፤ ሰሌዳው ቀለም ተቀብቶ ገጹ ሲጠረግ ቀለሙ በጐድጓዳው መስመር ብቻ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በመጭመቂያ ሲያልፍ ሥዕሉ በወረቀቱ ላይ ይታተማል። ከአንድ ሰሌዳም ብዙ ቅጅ ይወጣል።

መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፥ በ1770ዎቹ ዓመታት፥ በ16ኛው ሉዊ ዘመን ያ ሥፍራ ፈረሰ፤ በምትኩም ለንግሥቲቱ ሌላ አትክልት ተተከለ። ከእንስሳቱ ዛሬ የተረፉት ጥቂቶች ናቸው። ፏፏቴዎቹ በሙሉ ምን ይመስሉ እንደ ነበር በተለይ የሚመሰክሩት የለክለር ሥዕሎች ናቸው። ውኃው ደርቆ ሳለ በእነዚያ ገጾች ላይ አሁንም ከእንስሳቱ አፍ ይፈልቃል።

ብዙ ወጪ የወጣበት የንጉሥ ሥራ በአንድ ቦታ ብቻ ስለ ነበረ በአንድ ትእዛዝ ጠፋ። ቀላሉ ወረቀት ግን በብዙዎች እጅ ስለ ተበተነ ቀረ። ስለዚህ ትምህርቱ ከዘመኑ እንዲያልፍ የሚወድ ሰው፥ ለአንዱ ከማስጌጥ ይልቅ ለብዙዎች ማካፈል ይገባዋል።