ያለ ቃል የሚካሄድ ገበያ፦ የጥንቱን ዓለም ለነቀምት ልጆች በእጅ ሥራ ማስተማር

የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጻፈው መጽሐፍ የአክሱም ነገሥታት ወርቅ እንዴት ያገኙ እንደነበር ይተርካል። ንጉሡ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዥ አማካይነት ነጋዴዎቹን ሳሱ ወደሚባል አገር ይልካል። ሌሎች ነጋዴዎችም ስለሚቀላቀሉ የጉዞው ሰው ከ500 ይበልጣል። የሚይዙት ሸቀጥ በሬ፣ ጨውና ብረት ነው። እንደደረሱ በእሾህ ያጥሩና ይሰፍራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን ከጨውና ከብረቱ ጋር በእሾሁ ላይ ይደረድራሉ። የአገሩ ሰዎች ይመጡና የአተር ፍሬ የሚያህል ወርቅ በወደዱት ዕቃ ላይ አኑረው ዞር ይላሉ። ባለ ዕቃው ወርቁ ከበቃው ያነሣዋል፤ ካልበቃው ሳይነካው ይመለሳል። ያኔ ባለ ወርቁ ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል። በቋንቋ ስለማይግባቡ፣ አስተርጓሚም ስለሌለ ገበያው ያለ አንድ ቃል ያልቃል።

ሳሱ የት እንደነበረች ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ብዙዎቹ የሚያመለክቱት ግን ወደ ፋዙግሊና ቤኒሻንጉል ወርቅ አፈር፣ ማለትም ከነቀምት በጊምቢ አድርጎ አሶሳ በሚያደርሰው መንገድ ወዲያ ማዶ ወዳለው አገር ነው። በጉቶ ጊዳና በአካባቢው ከተሞች የጥንቱን ታሪክ ለሚያስተምር መምህር ከዚህ የቀረበ ምንጭ አላውቅም። በመማሪያ መጻሕፍት ግብፅ፣ መስጴጦምያና አክሱም ተራ በተራ ይጠቀሳሉ፤ የወለጋ ልጅ ግን ሁሉንም የሩቅ ሰው ታሪክ አድርጎ ይሸመድዳቸዋል። ተግባራዊ ትምህርት ተብሎ የሚሰጠውም አብዛኛውን ጊዜ ከካርቶን ፒራሚድ መሥራት ነው። ፒራሚዱ ያምራል፤ ልጁ ግን ስለ ጥንቱ ዓለም የምናውቀውን በምን እንዳወቅነው ከእርሱ አይማርም። የእጅ ሥራ በታሪክ ክፍል ቦታ የሚገባው ልጁን ወደ ማስረጃ ጥያቄ ሲያደርሰው ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1896 በቺካጎ በከፈተው የሙከራ ትምህርት ቤት ልጆች ጥጥ ከፍሬው እንዲለዩ ተደርጎ ነበር። በ30 ደቂቃ ልፋት ያገኙት አንድ አውንስ እንኳ፣ ማለትም 28 ግራም ያህል፣ አልሞላም። በዚህም የሱፍ ልብስ ከጥጥ ይልቅ ለምን አስቀድሞ እንደተስፋፋ ራሳቸው ደረሱበት። የጣታቸው ድካም ለታሪካዊ ጥያቄ መልስ ሆነ ማለት ነው። እናቶች በመዳመጫ ጥጥ ሲያወጡና በእንዝርት ሲፈትሉ ያየ ልጅ ይህንን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የሳሱን ገበያ ወደ ክፍል ማምጣትም ወጪ የለውም። መምህሩ ተማሪዎቹን ለሁለት ይከፍላል፤ መሬት ላይ ቅርንጫፍ ደርድሮ አጥር ያበጃል። የጨው እንክብል፣ አሮጌ ሚስማር፣ ለሥጋው ምትክ የሚሆን የሸክላ ጭቃ በአንድ ወገን፣ የአተር ፍሬ በሌላው ወገን ይሆናል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ መናገርም ሆነ በእጅ መጠቆም ክልክል ነው። አንዷ ሁለት አተር ሚስማሩ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ትመለሳለች። ባለ ሚስማሩ መጥቶ ያያል፣ አይነካም። ልጅቷ አሁን መወሰን አለባት፤ ሦስተኛ አተር ትጨምር ወይስ ሁለቱን አንሥታ ትሂድ? ሌላ ሰው ዞር ባለበት አተሩን ቢወስድስ? ገበያው ያለ ቃል የቆመው በመተማመን መሆኑን ልጆቹ ያኔ ያዩታል። ከዚያ የግድ ቦታ መቀያየር አለባቸው። አንድ ቡድን ሁልጊዜ «የሳሱ ሰው» ሆኖ ከቀረ ጨዋታው ባለ ወርቁን ሞኝ፣ ባለ ጨውን ብልጥ አድርጎ ያስተምራል።

ዋናው ትምህርት የሚጀምረው ግን አተሩ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ይህንን የነገረን ማን ነው? ኮስማስ ከጻፈው ከፊሉን በዓይኑ እንዳየ፣ ከፊሉን ከነጋዴዎች እንደሰማ ይናገራል። የሳሱ ሰዎች በጽሑፍ ያስተላለፉልን ቃል የለም። ስለዚህ ሁለቱ ቡድኖች ያንኑ ገበያ በየወገናቸው በአፋን ኦሮሞ ይጽፉትና ያነጻጽሩታል። ልዩነቱ በራሳቸው ወረቀት ላይ ስለሚታይ የአንድ ወገን ምንጭ ምን እንደሚያጎድል ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ አያሻም።

የአካባቢው ልጅ ኮስማስን ሊፈትነው የሚችልበት ነጥብም አለ። ጉዞው ደርሶ መልስ 6 ወር ይፈጃል ይላል። ሲሄዱ ከብት ስለሚነዱ ያዘግማሉ፤ ሲመለሱ ግን ዝናብ እንዳይደርስባቸው ይጣደፋሉ። በዚያ አገር ለሦስት ወር ያህል ብርቱ ዝናብ እንደሚጥልና ወንዞቹ ሁሉ ወደ ዓባይ እንደሚፈስሱም ይጽፋል። ለግብፅ አንባቢው ይህ እንግዳ ነገር ነበር። ዴዴሳና አንገር በሐምሌ እንዴት እንደሚሞሉ ለሚያውቅ ተማሪ ግን ምንጩን የሚመዝንበት የራሱ ዕውቀት ነው። ከከብት ጋር ሞልቶ የሚጋልብ ወንዝ መሻገር ምን እንደሆነ ከመምህሩ ይልቅ እርሱ ሊያስረዳ ይችላል።

ከዚህ ወደ አክሱም ሳንቲም መሻገር ይቻላል። ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የተቀረጹት የወርቅ ሳንቲሞች የንጉሡን ምስል በሁለት የእህል ዛላዎች መካከል ያሳያሉ፤ ልጆቹ በጭቃ ቀርጸው ወርቁ ከየት መጣ ብለው ይጠይቃሉ። ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣም የነቀምቱ የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት አለ። የሌቃ ነቀምት ገዥዎች ለምኒልክ ግብር የሚያስገቡት ወርቅና የዝሆን ጥርስ ነበር፤ አሞሌ ጨውም በዚያ ዘመን ገበያ እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። ተማሪዎች ግቢውን ሲጎበኙ ጨውና ወርቅ ከ1,300 ዓመት በኋላም አብረው መገኘታቸው ያነጋግራቸዋል።

አንድ ጥንቃቄ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ወፍጮ ድንጋይ፣ የሸክላ ድስት፣ የቀጥቃጩ ወናፍ ለጥንቱ ዘመን ትምህርት ጥሩ መነሻ ናቸው፤ ነገር ግን ዛሬ የሚሠሩባቸው ሰዎች የጥንት ቅሪት አይደሉም። በብዙ የአገራችን ክፍሎች ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ሲናቁ ኖረዋል። መምህሩ ባለሙያዋን «የጥንት ሰዎች እንዲህ ይሠሩ ነበር» ለማለት ብቻ ከጋበዛት ንቀቱን በትምህርት ስም ያድሰዋል፤ በክፍሉ የተቀመጠ ልጇም ይሰማል። መጋበዝ ያለባት ጭቃውን ከየት እንደምትመርጥ፣ ድስቱ እሳት ላይ ለምን እንደሚሰነጠቅ የምታስተምር አዋቂ ሆና ነው። የድካሟም ዋጋ ይከፈላት።

ለዚህ ሁሉ የሚሆን ቤት በብዙ ትምህርት ቤቶች አለ፤ የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል ይባላል። ከአካባቢ ቁሳቁስ መርጃ መሣሪያ እንዲሠራበት የታሰበ ክፍል ሆኖ ሳለ በየቦታው የተቀደደ ካርታ ማከማቻ ሲሆን ማየት ያሳዝናል። የመምህራን ኮሌጅና ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምት ከተማ እያሉ የታሪክ እጩ መምህራን ቢያንስ አንድ የእጅ ሥራ ትምህርት በዚያ ክፍል አዘጋጅተው ሳያስተምሩ መመረቅ የለባቸውም።

ልጆች በእጃቸው መሥራት ሲለምዱ ከማሳ ያገኙትን የብረት አርና የገል ስባሪ ይዘው መምጣታቸው አይቀርም። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። መምህሩ መጀመሪያ ሊያስተምር የሚገባው ዕቃውን ሳያነሡ ቦታውን በደብተር መንደፍን ነው፦ ከየትኛው ዛፍ ስንት እርምጃ፣ በየትኛው ተዳፋት፣ ከምን አፈር ጋር። ንድፉ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይሰጥ፤ ቅጂው ደግሞ ከልጁ ስም ጋር በማዕከሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።