በኮማ የተረፈ ደብዳቤ

ዛሬ ኢሜይላችንን ስልካችንን ነካ አድርገን እናያለን። እ.ኤ.አ. በ1979 ብሩስ ቦርደን በአሜሪካው ራንድ ተቋም ኤምኤችን ሲጽፍ ግን ነገሩ እንደ ካርድ ክፍላችን ነበር፤ ለእያንዳንዱ መልእክት የራሱ ፋይል። ትእዛዙ በጽሑፍ ነው፦ “ስካን” ይዘረዝራል፣ “ሪፋይል” ወደ ሌላ ፎልደር ያዛውራል። “አርኤምኤም” ይሰርዛል፤ ግን ወዲያው አያጠፋም፣ ሲስተሙ እስኪያጸዳው የፋይሉን ስም ይቀይራል እንጂ።

ይህን ያወቅኩት በጭንቅ ነው። ለስፔሻሊቲ ስማር በኤምኤች እጠቀም ነበር። አንድ ቀን ከአዳር ተረኝነት ወጥቼ፣ እንቅልፍ እያዳፋኝ፣ የአንዲት የክፍላችንን ልጅ መልእክት ሳላነበው ሰረዝኩት። በማግስቱ ማረፏን ሰማሁ። እየተንቀጠቀጥኩ ፎልደሩን ብፈትሽ፣ ቁጥሩ ፊት ኮማ የተጨመረበት ፋይል አገኘሁ። “ሪዩኒየን ላይ እንዳትቀሪ!” ይላል።

ይኸው፣ አልቀረሁም።